ጣና ዳር ነፋስ ለመቀበል ስንት ያስፈልጋል?

ጠቅላይ ሚኒስትሩ በጥቅምት 2016 የቀይ ባሕርን ጉዳይ በቴሌቪዥን ካነሡ ወዲህ የባሕር በር ወሬ ከአገሪቱ መገናኛ ብዙኃን ጠፍቶ አያውቅም። ሦስት ወር ሳይሞላ ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ ከዚያ ዓመት ሊሞላው ሲል ነገሩ ዞሮ አንካራ ላይ ከሶማሊያ ጋር ሌላ መግለጫ አስወጣ። ስለ ወደብ ኪራይ፣ ስለ ባሕር ኃይል፣ ስለ አሰብ በየሻይ ቤቱ ያልተባለ የለም። ይባል፤ ጉዳዩ ትልቅ ነው። ግን ቢቸና ወይም ሞጣ ተቀምጦ ይህን ዜና የሚሰማ ሰው በእግሩ ሊደርስበት የሚችለው ባሕር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጣና ነው። አማርኛው ራሱ ሐይቁን ባሕር ብሎ ከተማይቱን በዳሩ ሰይሟታል።

ከቢቸና መናኸሪያ ጠዋት የተሳፈረ ሰው በደብረ ወርቅ፣ በሞጣና በአዴት አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል። ከሞጣ ለሚነሣው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የነዚህ ከተሞች ሰው ወደ ባሕር ዳር የሚሄድበት ጉዳይ ብዙ ነው፦ ለሕክምና ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል፣ ለይግባኝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ለዝውውርና ለደመወዝ ጉዳይ የክልሉ ቢሮዎች። በነዚህ ሁሉ የሚሄደው ወይ ታሞ፣ ወይ ተከሶ፣ ወይ ተቸግሮ ነው። ሳይታመምና ሳይከሰስ የሚሄድበት አንድ ምክንያት ቢኖር ሽርሽር ነው፤ ከሽርሽርም የባልና ሚስት ሽርሽር። እሱ ሽርሽር ዛሬ በሦስት በኩል ተይዟል፤ በመንገዱ፣ በኪሱና በአጥሩ። ጉዳዩ ወዲህ ነው።

ቢቸና የሚያስተምር አንድ መምህርና ጤና ጣቢያ የምትሠራ ሚስቱ ይታሰቡ። ስም አያስፈልጋቸውም፤ እንደነሱ ያሉ ባልና ሚስት በየወረዳው ሞልተዋል። በጥር ተጋብተዋል። ሠርጉ፣ መልሱና ቅልቅሉ ያጠራቀሙትን ጠራርጎ ወስዶታል፤ ከስጦታው የተረፈችውን ይዘው ለሦስት ቀን ባሕር ዳር ደርሰው ለመምጣት ተማክረዋል። «ጫጉላ» ለአያቶቻቸው ሙሽሮቹ ተከልለው የሚሰነብቱበት ዳስ ነበር፤ ለነሱ ግን ሽርሽር ሆኗል። የመምህሩ እናት ነገሩ አልገባቸውም። «ቤታችሁን ዘግታችሁ ምነው ሰው ቤት ማደር?» ይላሉ፤ አልጋ ቤት ለእሳቸው የመንገደኛ ቤት ነው፣ ወይም ስሙ የማይነሣ ሌላ ነገር። ምራታቸው «እማዬ፣ ባሕሩን አይተን እንመለሳለን፤ ጸበሉንም እናመጣለን» ብላ ታግባባቸዋለች። ጸበሉ ነገሩን ያቀለዋል።

ባሕር ዳር ደርሰው የሚያደርጉት ነገር ለማንም የሚወራ ጀብዱ የለበትም። ከመናኸሪያ ባጃጅ ይይዛሉ፤ ከሐይቁ ራቅ ባለ ሰፈር አቅማቸው የሚፈቅደውን አልጋ ይከራያሉ፤ ተጣጥበው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በኩል ወደ ውሃው ይወርዳሉ። ቢቸና ላይ ማታ የሚፈለገው ጋቢ እዚህ ይከብዳል። ዘንባባው ተሰልፏል፣ ብስክሌቱ ይመላለሳል። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ሐይቅ ነውና ማዶው አይታይም። ወንዝና ምንጭ ብቻ እያየ ላደገ ሰው ማዶ የሌለው ውሃ ፊት መቆም ትንሽ ነገር አይደለም። ብዙዎች እዚህ ላይ ዝም ይላሉ። ከዚያ አንዱ «ይህ ሁሉ ውሃ እያለ…» ብሎ ይጀምርና ወሬው ወደ መስኖ ይሄዳል፤ ጎጃሜ ገበሬ ነው፣ ውሃ ሲያይ ማሳው ትዝ ይለዋል።

ዳሩ ላይ ጀበና የጣደች ሴት አለች፤ ዝቅ ባለች በርጩማ ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ። ካሜራ ያንገተ ልጅ መጥቶ «ሙሽሮች ናችሁ አይደል?» ይላል፤ እንዴት እንዳወቀ አይታወቅም፣ ግን ሁልጊዜ ያውቃል። ሲመሽ አሳ ይበላሉ። ቆሮሶ ይሁን አምባዛ የሚለው ክርክር አለ፤ አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ደግሞ ሌላ ክርክር ነው፣ እሱ እንኳን በአንድ ማታ አያልቅም። በማግስቱ እሷ ብስክሌት ትማራለች። ቢቸና ላይ አንዲት ያገባች ሴት ብስክሌት ብትወጣ ሳምንቱን ሙሉ ወሬ ትሆን ነበር፤ ባሕር ዳር ላይ ግን ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ከተማዋ ሜዳ ናት። ባል ከኋላ ይዞ ይሮጣል፤ ሲለቃትም አይነግራትም።

በጀልባው ዋጋ ከባለ ጀልባው ጋር መከራከራቸው የታወቀ ነው። አንዳንዱ ወደ ዘጌ ተሻግሮ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች ያያል፣ የዘጌን ቡና ይሸምታል። አንዳንዱ ለጥቂት ደቂቃ እስከ አባይ መውጫ ድረስ ይሄድና ጉማሬ ብቅ ይላል ብሎ ይጠብቃል። ወደ ክብራን ገብርኤል የሚሄዱ ባልና ሚስት ግን ደሴቲቱ ላይ ይለያያሉ፤ ገዳሙ ሴት አያስገባም። ባል ገብቶ ይሳለማል፣ ሚስት ጀልባው ላይ ሆና ትጠብቃለች፤ ወይም አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ሴትም ስለሚቀበል እዚያ ወርዳ ትሳለማለች። ይህ የገዳሙ ሥርዓት ነው፤ የሚከራከርበትም ጥቂት ነው። ሆኖም ጀልባው ላይ የሚጠብቁት ሴቶች ምን እንደሚያወሩ የጻፈ ሰው ቢኖር ጥሩ ንባብ ይወጣው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጢስ አባይ ነው። ፏፏቴውን ሁሉም የሚያውቀው ከአሮጌው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ነው። በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው የጢስ አባይ ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙው ውሃ ወደ ተርባይን ስለሚጠለፍ፣ በበጋ የሄዱ ሙሽሮች ከብሩ ሥዕል የቀጠነ ፏፏቴ ያገኛሉ። የአንድ ብሩን ፏፏቴ ለማየት ስንት ብር እንደወጣ ማስላት የመልስ መንገድ ቀልድ ነው።

በቃ፣ ይኸው ነው ሽርሽሩ። ሦስት ቀን፣ ሁለት ሌሊት፣ ጥቂት ፎቶ፣ አንድ ጀሪካን ጸበል፣ ግማሽ ኪሎ የዘጌ ቡና።

ይህ ነገር ለምን ክብደት ይሰጠዋል ለሚል ሰው መልሱ ከዚያው ከቢቸና አካባቢ ይጀምራል። በጎጃም ባላገር ባልና ሚስት አብረው የሚኖሩትን ያህል አብረው አይሄዱም። ገበያ ሲወጡ እሱ ከፊት፣ እሷ እህሉን ተሸክማ ከኋላ ናት። ለቅሶ ቤት እሱ ከወንዶቹ ድንኳን፣ እሷ ከሴቶቹ ጋር። ቤተ ክርስቲያን ወንዱ በአንድ በኩል፣ ሴቷ በሌላው በኩል ነው። ማኅበሩም ድግሱም እንዲሁ ነው። ላላገቡት የተፈቀደው መተያያ የጥምቀት ዕለት ሎሚ መወርወር ነበር፤ አለዚያ ውሃ ልትቀዳ የወረደችውን ልጅ ምንጭ ዳር ጠብቆ ማናገር። ልብ ያለው ያስተውል፤ ሁለቱም የሚሆኑት ውሃ ዳር ነው። ካገቡ በኋላ ግን ሁለት ሰዎች ሥራ ሳይኖራቸው፣ ዕቃ ሳይሸከሙ፣ ጎን ለጎን ሆነው መሄዳቸው ስም እንኳ አልነበረውም። የአሁኖቹ የከተማ ልጆች ስም ያጡለትን ነገር «ዎክ» ብለውታል፤ ማታ ማታ አስፋልቱ ላይ የሚደረገው ያ ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ታሪኩ ከሚፈጸምባቸው ቦታዎች ዋናው ዲማ ጊዮርጊስ ነው፤ ከቢቸና ሩቅ አይደለም። በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ገባ፣ ተዋደዱ፣ ሁሉም የሚያውቀው ሆነ። መጽሐፉን በሌላ ዓይን ያነበበ ሰው ግን አንድ ነገር ያያል፤ ሁለቱ በሰው ፊት አብረው በሰላም የሄዱበት መንገድ የለም። የተገናኙት በጓዳና በትምህርት ሰበብ ነው። እሱ ሸሽቶ ወጣ፤ እሷም መነኩሴ መስላ ተከተለችው፤ የደረሰችበትም ሊሞት ሲያጣጥር ነው። የሁለቱ ሽርሽር ቢባል ያ አንድ የስደት መንገድ ብቻ ነበር። የዛሬው የቢቸና መምህርና ሚስቱ ባሕር ዳር ወርደው እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ ማንም የማይሰድባቸው መሆኑ በአንድ ትውልድ ተኩል ውስጥ የመጣ ለውጥ ነው። አዋጅ አላመጣውም፤ ትምህርት ቤትና መንገድ አመጡት፣ ጥቂትም ሲኒማና ቴሌቪዥን።

ለሚስትየዋ ደግሞ ነገሩ ይበልጣል። ወንዱ ሽርሽር ባይኖረው እንኳ ግሮሰሪ አለው፣ ኳስ የሚያይበት ቤት አለው፣ «ትንሽ ዞር ዞር ልበል» ቢል የሚጠይቀው የለም። እሷ ያለ ምክንያት ከቤት የምትወጣበት ቀን የለም። ጤና ጣቢያ፣ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ለቅሶ፣ አራስ ጥየቃ፤ ሁሉም ግዴታ ነው። ባሕር ዳር ላይ የምታሳልፋቸው ሦስት ቀናት ቡናውን ሌላ ሰው የሚያፈላላት ሦስት ቀናት ናቸው። ይህን እንደ ቅንጦት የሚቆጥር ሰው ቤቱ ያለውን ጀበና ማን እንደሚጥደው ይጠይቅ።

አሁን ወደ ኪሱ። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዋጋው ሩጫ የሚታወቅ ነው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ተስተካክሏል፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ ጀማሪ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል ተብሏል። ጭማሪው ጭማሪ ነው። ነገር ግን የሁለት ሰው የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ ሁለት ሌሊት አልጋ፣ ምግብና ጀልባ ሲደመር የአንድ መምህር ወር ምን ያህሉን እንደሚበላ ደመወዝተኛው ሁሉ በጣቱ ያሰላዋል። ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል? ሁሉንም እየቀነሰ ይሄዳል። ጢስ አባይ ይቀራል። ጀልባው ይቀራል። አሳው ወደ ሽሮ ይወርዳል። በመጨረሻ የሚቀረው፣ ዋጋ የሌለው ስለሆነ የማይቀነሰው፣ ዳሩ ላይ መቀመጥ ብቻ ነው። ነፋስ መቀበል። ደሃ ሙሽሮች ከባሕር ዳር የሚያገኙት ትልቁ ነገር ያ ነው፤ እሱም እስካሁን በነጻ ነበር።

ጭቅጭቁ ያለው እዚህ ላይ ነው። በከተማዋ በኩል ያለው የጣና ዳርቻ በሆቴል፣ በመዝናኛና በተቋም ግቢ የተደረደረ ነው። አንድ ሰው ውሃውን በግራው አድርጎ ዳሩን ይዞ ልሂድ ቢል ብዙ ሳይርቅ አጥር ይገጥመዋል። አጥሩ በር አለው፤ በሩ ጥበቃ አለው፤ ጥበቃው «ምን ፈልጋችሁ ነው?» ይላል። ገብቶ መቀመጥ ይቻላል፤ ግን ወንበሩ የሚከራየው በማኪያቶ ነው፣ ማኪያቶውም በሐይቁ እይታ ተባዝቶ ነው የሚመጣው። ባለሆቴሎቹ ጥፋተኞች አይደሉም፤ መሬቱን በሊዝ የወሰዱ፣ ግብር የሚከፍሉ፣ ሰው የቀጠሩ ናቸው። ጥያቄው ለሰጪው ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ሕዝብ የሚባለው የቢቸናዋ የጤና ባለሙያም ስለሆነች፣ ከዚያ ሐይቅ ዳር ለእግሯ የሚሆን ቦታ ሳይቀርላት ሁሉም በቁራጭ የሚሰጥበት ምክንያት ምንድን ነው?

ቢሾፍቱን ያየ ሰው ይህ ወዴት እንደሚያደርስ ያውቃል። ሐይቆቿ ብዙ ናቸው፤ ሳይከፍሉ ውሃው ጫፍ የሚደረስበት ቦታ ግን ጥቂት ነው። ሐዋሳ ደግሞ ሌላ ነገር ታሳያለች። «ፍቅር ሐይቅ» የሚባለው ዳርቻ ላይ ማታ ማታ የከተማው ሰው ሁሉ ይፈስሳል፤ ተማሪው፣ ባለትዳሩ፣ ቆሎ ሻጩ። ስሙንም ያወጣለት ኢንቨስተር አይመስልም። ሐዋሳ በዚያ አልደኸየችም፤ ሆቴሎቿም አልተዘጉም፤ እንዲያውም ሰው ዳሩን ሲሄድ ውሎ ሲርበው ወደነሱ ይገባል።

ከአገር ውጭ ያለ ምሳሌ ቢያስፈልግ ፈረንሳይ አለች። በአውሮፓውያኑ 1976 ባወጣችው ሕግ፣ በባሕር ዳር መሬት ያለው ሰው ሁሉ ለእግረኛ መተላለፊያ ሦስት ሜትር እንዲተው ተገደደ። ቪላም ይኑረው ቤተ መንግሥት፣ ሦስቷ ሜትር የመንገደኛ ናት። መሬቱን አልቀሙትም፣ ግንቡን አላፈረሱበትም። ሦስት ሜትር ብቻ። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሲሄዱ ከፊት የሚመጣ ብስክሌት የሚያሳልፍ ስፋት ነው።

የኮሪደር ልማቱ ባሕር ዳርም ገብቷል። ሰፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር ይዞ መምጣቱ ሊመሰገን ይገባዋል፤ በግንቦት 2016 የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው የአባይ ድልድይም ራሱ የሽርሽር ቦታ ሆኗል፣ ማታ መብራቱን ለማየት የሚሄደው ሰው ብዙ ነው። ስጋቱ ሌላ ነው። ልማቱ በደረሰባቸው ከተሞች ሁሉ መጀመሪያ የሚነሡት ጀበናዋና በርጩማዋ ናቸው። «ለገጽታ» ይባላል። የጀበናዋ ሴት ከተነሣች ግን የደመወዝተኛው ሙሽሮች መቀመጫም አብሮ ይነሣል፤ የሚቀራቸው ባማረው ድንጋይ ላይ ቆሞ ፎቶ መነሣት ነው። የሐይቁ ውበት ከሆቴሉ በረንዳ ለሚያየው ሰው ብቻ ከሆነ ንጣፉ ለማን ተነጠፈ?

ጣና ላይ ገንዘብ የለም እንዳይባል ደግሞ በ2017 ዓ.ም. አገር ጉድ ያሰኘ ነገር ታይቷል። «ጣናነሽ 2» የተባለችው ጀልባ ከጅቡቲ ተነሥታ በየብስ፣ በተሳቢ ተጭና፣ በየከተማው ሰው እየወጣ እያያት፣ ወራት ፈጅታ ሐይቁ ላይ ደርሳለች። ባሕር የሌለው አገር መርከብ በአስፋልት አሳልፏል። ጎርጎራ ላይም በ«ገበታ ለሀገር» የተሠራው መዝናኛ አለ። መልካም ነው፤ ይሠራ። ይህን ሁሉ ያደረገ መንግሥት ሦስት ሜትር የእግር መንገድ ማስተው አያቅተውም።

ኪሱም አጥሩም ግን የሚቀጥለውን ካላለፉ ዋጋ የላቸውም። መንገዱ።

በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲጠና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ለስድስት ወር ተብሎ በአራት ወር ተራዘመ። በነሐሴ ሰዓት እላፊ ከተጣለባቸው ስድስት ከተሞች አንዷ ባሕር ዳር ነበረች፤ ደብረ ማርቆስም ነበረች። ኢንተርኔቱ ተዘጋ። አዋጁ ጊዜው አልፏል፤ ነገር ግን በምሥራቅ ጎጃም መንገዶች ላይ «ዛሬ ተከፈተ»፣ «ነገ ይዘጋል» የሚለው ወሬ አላቆመም። ሾፌር ሳይጠይቅ አይነሣም። ተሳፋሪው ኬላ ሲደርስ መታወቂያውን በእጁ ይዞ ይጠብቃል፤ ከከተማ ከተማ የሚጠየቀው ጥያቄ ይለያያልና ለየትኛው ምን እንደሚመልስ በልቡ ያጠናል። እገታ የሚለው ቃል እናቶች ልጅ ሲሸኙ የሚያነሡት ቃል ሆኗል። መምህሩ እናቱን በአልጋ ቤቱ ጉዳይ ማግባባት ይችላል፤ በዚህ ግን ምን ብሎ ያግባባቸዋል?

ስለዚህ ሙሽሮች ይቀራሉ። «ሰላም ሲሆን እንሄዳለን» ይላሉ። አንዱ ዓመት ያልፋል፣ ልጅ ይወለዳል፣ ሽርሽሩ የሌላ ዘመን ነገር ይሆናል። በየቤቱ እንዲህ የቀረ ጉዞ አለ። ማንም አልቆጠረውም፤ የሞተ ሰው፣ የተቃጠለ ቤት፣ የተዘጋ ትምህርት ቤት ይቆጠራል፣ የቀረ ሽርሽር አይቆጠርም።

«ሰው እየሞተ ስለ ሽርሽር ይወራል?» የሚል ተቆጪ እንደሚኖር ግልጽ ነው፤ ቁጣውም ከቅን ልብ የመጣ ሊሆን ይችላል። ግን ይመርመር። ጦርነት ከተራ ሰው መጀመሪያ የሚወስደው ነገር ምሽቱን ነው። ሰው ገና ሳይታሰር፣ ቤቱ ገና ሳይነካ፣ ከመሸ በኋላ መውጣት ይቀርበታል። ቀጥሎ መንገዱ ይቀርበታል። ቀጥሎ ዘመድ መጠየቅ። ሰላም ሲመለስም በዚያው መንገድ ነው የሚመለሰው፤ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ምሽቱ ነው። በመግለጫ ሰላም የሰፈነበት ብዙ ቦታ አለ። ባልና ሚስት ያለ ስጋት ከሞጣ ተነሥተው ጣና ዳር አምሽተው የሚመለሱበት ቦታ ግን በመግለጫ አይሠራም። ባለሥልጣኑም ታጣቂውም «ሕዝቡ ከእኛ ጋር ነው» የሚሉ ከሆነ፣ ሕዝቡ በዚያ መንገድ ሲሄድ ምን እንደሚያስብ ሁለቱም አንድ ቀን ሚኒባስ ተሳፍረው ይስሙት። የሚሰሙት ብዙ አይሆንም፤ ሚኒባሱ ውስጥ ዝምታ ነው።

ሌላም አለ። ባሕር ዳር የውጭ ቱሪስት የራቃት ከኮቪድና ከሰሜኑ ጦርነት ጀምሮ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ባለ ጀልባውን፣ ፎቶ አንሺውን፣ አሳ ጠባሿንና ባለ ባጃጁን ያኖራቸው የአገር ውስጥ ሰው ነው፤ ከደጀን፣ ከቢቸና፣ ከሞጣ፣ ከዳንግላ፣ ከወረታ የሚመጣው ሙሽራ፣ ተመራቂና የማኅበር ጉዞ። ያ ሰው ትንሽ ነው የሚያወጣው፤ ግን በየዓመቱ ይመጣል። ለታላላቅ እንግዶች የሚደረገው ዝግጅት ሩቡን ያህል ለዚህ ሰው ቢደረግ ከተማዋ አትከስርም። ምን ይደረግ ቢባል ነገሩ ቀላል ነው፦ በዳሩ ላይ የሚከራይ ሳይሆን የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር፣ የጀልባ ዋጋ በሰሌዳ ተጽፎ እንዲለጠፍ፣ ሴት የምትገባበት ንጹሕ መጸዳጃ፣ ለጀበናዋ ሴት ፈቃድና ጥላ። ይህ የማስተር ፕላን ክለሳ አያስፈልገውም።

ከጣና የሚወጣው ውሃ ባሕር ዳርን ትቶ ጢስ አባይ ላይ ከወደቀ በኋላ ጎጃምን ይዞራል፤ በሞጣ በኩል በሰባራ ድልድይ ሥር ያልፋል፣ ቢቸናንም በሩቅ በጥልቅ ሸለቆ ሆኖ ይከብባታል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ግድብ የሚይዘው ከዚያ የሚሄደውን ውሃ ነው። የቢቸና ሰው ከደመወዙ ቦንድ ገዝቷል፣ ተማሪው ከኪሱ አዋጥቷል። ከውሃው መነሻ ላይ ቆሞ «ይሄ ነው እንዴ?» ማለት ለሱ ሽርሽር ብቻ አይደለም፤ የገዛውን ነገር ማየት ነው።

ጥር ሲገባ እንደገና የሠርግ ወቅት ነው። ቢቸና ላይ ድንኳን ይተከላል፣ ሞጣ ላይ ሚዜ ይጨፍራል። ከመልሱ በኋላ አንዳንዱ ሙሽራ ስልኩን አንሥቶ ባሕር ዳር ያለ ዘመዱ ጋ ይደውልና ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል። አንደኛው «መንገዱ እንዴት ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ዳሩ ላይ መቀመጥ ይቻላል፣ ወይስ አጥረውታል?»